መጀመሪያ ይናገር

ጉማሬው በኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት ማሳዎች ሁሉ የሊቀመንበሩን መርጦ በበላ ጊዜ፣ በታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍ አላፍርም። ሰው ስለዚያ ዘመን ሲጽፍ ከሰላምና ከይቅርታ ይጀምራል። እኔ ከጉማሬው እጀምራለሁ፤ ለእኔ ነገሩ የተጀመረው ከእሱ ነውና።

ደርግ ከወደቀ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እኔ ከሲቀላ ገበያ ጀርባ ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ሊቀመንበሩ ሙዝና ስኳር ድንች ይተክላል። ሊቀመንበር የምለው ያኔም ሥልጣን ነበረው ለማለት አይደለም፤ ሥልጣኑ ከደርግ ጋር ሄዷል። ከዶርዜ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ባለው የትውልድ መንደራችን፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጥቂት ወራት ታሰረ፣ ተፈታ፣ ከዚያ ቆላ ወርዶ ኩልፎ ዳር መሬት አገኘ። ስሙን አልጽፍም። ልጆች አሉት፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም።

ጉማሬው ከሐይቁ ወንዙን ይዞ እየወጣ ይበላና ሳይነጋ ይመለሳል። ከሊቀመንበሩ ማሳ ግራና ቀኝ የሌላ ሰው ማሳ አለ። ያንን አልነካም። የሊቀመንበሩን ስኳር ድንች ከነሐረጉ ጨርሶ፣ የሙዙን ችግኝ ረጋግጦ ሄደ። ሊቀመንበሩ አጥር አጠረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዓሣ የሚያመጣልኝ ሰውዬ ማለዳ መጥቶ የሆነውን ሲነግረኝ መጥበሻዬን ከእሳት አወረድኩ።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ።»

«የቱን?»

«አጥሩን ያልከውን።»

«አጥሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሄደ አልኩሽ። ሐይቁ ድረስ ጎትቶታል። ዱካው አሁንም አለ፤ ሄደሽ ማየት ትችያለሽ።»

ሄጄ አየሁ። ዓሣውን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄጄ አየሁ።

ደስታዬ ከየት እንደመጣ ልናገር። አንድ ወንድም ነበረኝ። ከእኔ ብዙ ያንሳል፤ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሸማ መሥራት እየተማረ ነበር። በሰሜን ጦርነቱ በጣም በከፋበት ጊዜ ለየቀበሌው ኮታ መጣ፤ ይህን ያህል ወጣት ለውትድርና አቅርቡ ተባለ። የእኛ ቀበሌ ዝርዝር ውስጥ የሊቀመንበሩ እህት ልጅ ገብቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ወንድሜ በገበያ ቀን ከቤት እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሱ እናቴ ደጅ ቆሞ እንዲህ አላት፦ «ልጅሽ ጀግና ነው። ማንም ሳያስገድደው በፈቃዱ ተመዘገበ። ለእናቴ አትንገሩብኝ፣ ታለቅሳለች ብሎ ሄደ።»

እናቴ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። ልጇ ጉልበቷን ሳይስም፣ አንድ ቃል ሳይነግራት፣ በገዛ ፈቃዱ ጥሏት መሄዱ ሊዋጥላት አልቻለም። ስሙ ቤት ውስጥ እንዳይነሳ ከለከለች። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሱ አልነበረበትም። አብረውት የነበሩ ሁለት ልጆች መሞቱን ነገሩን። ዘመድ ለቅሶ እንቀመጥ ሲል እናቴ «ሳይሰናበተኝ ለሄደ አላለቅስም» አለች። ወንድሜ ሳይለቀስለት ቀረ።

እኔ እውነቱን የሰማሁት ከማኅበሩ ጥበቃ ነው። ታሞ ሊሞት ሲል አስጠራኝና «ወንድምሽን ገበያ ውስጥ ይዘነው ነው። በሊቀመንበሩ እህት ልጅ ምትክ ነው የሄደው። እኔም እጁን ይዣለሁ» አለኝ። በማግስቱ ሞተ። ይህን ይዤ ወደ እናቴ ሮጥኩ።

«አንቺ ድሮም ጥፋቱን ትሸፍኚለታለሽ» አለችኝ። «ያ ሰው እዚህ ደጄ ላይ ቆሞ በአፉ ነግሮኛል። አንቺ የሞተ ሰው ምስክር አመጣሽልኝ?»

እንግዲህ ውሸቱ ከአንድ አፍ ወጥቷል፤ እውነቱም ከዚያው አፍ ካልወጣ እናቴ ጆሮ አይገባም። እኔ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር። እስር ቤቱንም ማሳውንም አልፈለግሁም። እናቴ አርጅታለች፤ ልጄ ጣለኝ ብላ እንድትሞት አልፈለግሁም።

ከለውጡ በኋላ ቢሮዎቹ ወዳሉበት ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጥቼ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«ምስክር አለዎት?»

«ሞቷል።»

«የስም ዝርዝሩስ?»

«ሊቀመንበሩ ዘንድ ነበር።»

ወጣቱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ የሚሉትን አምናለሁ። የእኔ ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም» አለኝ። እስከ በሩ ሸኘኝ። እሱን አልተቀየምኩትም። እኔ የምቀየመው ጥቂት ሰው ነው፤ የተቀየምኩትን ግን በደንብ ነው የምቀየመው።

ዓሣ ቤቴ የኮሌጅ ተማሪዎች ይመጣሉ። ከየአገሩ ናቸው። ያን ሰሞን ወሬያቸው ሁሉ ያለፈው መንግሥት ሰዎች ምን ይደረጉ የሚል ነበር። አንዱ ከሰሜን የመጣ ልጅ ነው፤ የእነሱ ቤት በጦርነቱ ተቃጥሏል። «ያቃጠለህ ሰው ጎረቤትህ ሆኖ፣ ምንም እንዳላደረገ ደህና አደርክ እያለህ፣ ያ ሰላም ነው?» ይላል። ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አፉ ፈጣን ነው። «ሁሉም ፍርድ ፍርድ ካለ ማን ይተርፋል? ግማሹ አገር ከሳሽ፣ ግማሹ ተከሳሽ ሊሆን ነው? ይረሳ! ሰላም ማለት መርሳት ነው።»

«እትዬ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

«እኔ ዓሣ ነው የምሸጠው» አልኳቸው። ለመጀመሪያው መሐሉን፣ ለሁለተኛው ጭራውን አቀረብኩ።

የአዲስ አበባው ልጅ ሳህኑን አየት አድርጎ «ፍርዱ ደረሰኝ» አለ። ብልህ ነበር። መርሳት ለማን እንደሚቀል ግን አያውቅም። መርሳት የሚቀለው ላደረገው ነው። ሊቀመንበሩ ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ «ደህና ዋልሽ?» ይለኝ ነበር፤ አፉ ሳይያዝ፣ ልክ እንደ ዘመድ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልጻፍ። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ኋላ በአደባባይ ስለተነገረ መደበቁ ዋጋ የለውም። ጉማሬው አጥሩን ይዞ ከሄደ በኋላ ገበያ ገብቼ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ። «አውሬ ዝም ብሎ አይመርጥም። በዚያ ማሳ ላይ ጎሜ አለበት። ከዚያ የወጣ ሙዝ የበላም ይደርሰዋል» አልኩ። ጎሜ በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ተሠርቶ ያልተነገረ በደል ነው። ተደብቆ ሲቆይ በከብት፣ በእህል ወይም በልጅ ላይ ይወጣል ይባላል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ ባያምንም እጁን ይሰበስባል።

ሙዙን የሚሸጠው ሊቀመንበሩ አይደለም፤ ሚስቱ ናት። በሳምንቱ ገበያ ሄድኩ። ሙዟ አንድም ሳይነሳለት፣ ጠቁሮ፣ ዝንብ ወሮት ፊቷ ተከምሯል። እሷ ጠዋት በተቀመጠችበት ተቀምጣለች። ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ አየኋት። ከዚያ ዞሬ ሄድኩ።

ማታውኑ እያለቀሰች ገባች አሉ። ሊቀመንበሩም በማግስቱ ደጋ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረበ። ይህ ሰው፣ በእሱ ዘመን ዱቡሻው ላይ፣ ማለት ሽማግሌዎቻችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሜዳ ላይ ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጎሜ የሚባል ኋላ ቀር ነገር የለም፤ ያለው የመደብ ትግል ነው» ብሎ ያወጀ ነው። ሽማግሌዎቹን ከድንጋያቸው አስነስቶ ስብሰባ ያስቀመጣቸው እሱ ነው። አሁን እዚያው መጥቶ «አባቶቼ፣ ጎሜ ይዞኛል መሰለኝ» ሲላቸው፣ ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ «የመደብ ትግሉን ከጉማሬው ጋር ሞከርከው?» አሉት ይባላል። እዚያ ባለመኖሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽማግሌዎቹ አራት ሆነው ወደ እኔ መጡ። ለሚያውቅ ሰው መናገር አያስፈልገኝም፤ ለማያውቅ ግን፣ በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ደጅህ ላይ ከተንበረከከ ሣሩን ረግጠህ ማለፍ የለም። መቆምና መስማት ነው። ቆሜ ከሰማሁ ደግሞ እምቢ ማለት እንደሚያቅተኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ። ደጄ ላይ ካልተገኘሁ ሣሩ ፊቴ አይወድቅም። በእኔና በጎረቤቴ መሐል ያለው አጥር ቀዳዳ አለው። ሲመጡ በቀዳዳው ሾልኬ በእሷ በር እወጣለሁ። እንዲህ ሳደርግ ከረምኩ። ጎረቤቴ የወላይታ ሰው ናት፤ ወሬውን የምታቀብለኝ እሷ ናት።

«ዛሬም መጡ» ትለኛለች።

«ስንት ናቸው?»

«አራቱም። ትልቁ ጉልበታቸውን ያማቸዋል መሰለኝ፣ ጠጠር ላይ ተንበርክከዋል። ኧረ ኃጢአት ነው፣ አንቺ!»

«ጨርቅ አንጥፊላቸዋ።»

«አንጥፌያለሁ። ዓሣም ሰጠኋቸው።»

«የማንን ዓሣ?»

«ያንቺን ነዋ! የመጡት አንቺ ዘንድ አይደል?»

በአራተኛው ጊዜ ደጄ ላይ ድምፅ ሰማሁና እንደለመድኩት ወደ ቀዳዳው ሄድኩ። ራሴንና ትከሻዬን አሳልፌ ወገቤ ላይ ስደርስ ቀና ብል፣ አፍንጫዬ ስር እርጥብ ሣር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ተንበርክከዋል። ደጄ ላይ የሰማሁት አራተኛውን ነው፤ ብቻቸውን እንዲያስሉ ትተዋቸዋል። ጎረቤቴ ጓዳዋ በር ላይ ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «በበር ስንጠብቅሽ በቀዳዳ መጣሽ።»

የተነጋገርነው በጋሞኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«አባቴ፣ እንዳልወጣ ሣር አለ። እንዳልመለስ አጥሩ ልብሴን ይዞኛል።»

«እንግዲያው እዚያው ሆነሽ ስሚን።»

«በዚህ በጋ እርጥብ ሣር ከየት አገኛችሁ?» አልኳቸው፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

«ከኩልፎ ዳር። ከራሱ ማሳ ነው፤ ጉማሬው ያስተረፈውን አጨድን።»

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። አጥር ውስጥ ተቀርቅሮ የሳቀ ሰው ከዚያ በኋላ ሊኮሳተር አይችልም።

«ሰውዬው ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል» አሉ።

«ምን አድርጎ?»

«እንግዲህ በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ሆኗል። ዘመኑ ክፉ ነበር።»

«አባቴ፣ ዘመን እጅ የለውም። ወንድሜን ገበያ መሐል የያዘው ዘመን አይደለም።»

«ልጄ፣ ሰላም ይሻላል። ጦርነቱ አልቋል። አንድ መንደር ሰው ነን። ለቅሶ ላይ እሱ ሲመጣ አንቺ ትነሻለሽ፤ ሠርግ ላይ አንቺ ስትመጪ እሱ ይወጣል። ሰው ማንን እንደሚጠራ ጨነቀው።»

እውነታቸውን ነው። የሁለታችን ነገር የሁለታችን ብቻ ሆኖ አልቀረም። ግን የዚህን ጊዜ ሳልጠቀምበት የቀረሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የራሳቸው ሕግ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጎሜ ሳይነገር ይለቃል?»

«አይለቅም» አሉ።

«በደፈናው በድያለሁ ቢባልስ?»

«አይለቅም። ቀኑ፣ ቦታው፣ በማን እጅ እንደሆነ ይነገራል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ይናገር። ለእኔ አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ። እናቴ ፊት ይናገር። ከዚያ ስለ ሰላም ታወሩኛላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልቁ እየተነሱ «አንቺስ የምትናገሪው የለሽም?» አሉኝ።

«ምንም የለኝም» አልኩ። ግማሹ አካሌ እኔ ግቢ፣ ግማሹ ጎረቤቴ ግቢ ሆኖ፣ እርጥብ ሣር ፊት ዋሸሁ።

ሊቀመንበሩ እናቴ ፊት ለመናገር እሺ ብሎ ቀን ተቆረጠ። ቀኑ ሲደርስ ወደ ደጋ የሚወጣው አንድ አይሱዙ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ ሊቀመንበሩ፣ ሚስቱና እኔ በአንድ መኪና ሄድን። ሾፌሩ ምን እንደሆንን ስለማያውቅ «ቤተሰብ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ከኋላ ጫፍ ላይ ጆንያ ተደግፎ ተቀመጠ፤ መንገዱን ብቻ ያያል። እኔና ሚስቱ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ያ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሆዴ ተገለበጠ። ዓይኔን ጨፍኜ ስታገል እጄ ላይ የሆነ ነገር አስቀመጠችልኝ። ሎሚ ነው። ልመልስላት ፈለግሁ፤ ሆዴ ግን አልፈቀደም። እስከ ላይ ድረስ የጠላቴን ሚስት ሎሚ እያሸተትኩ ወጣሁ።

እናቴ ዱቡሻው ላይ ቀድማ ደርሳለች። የተነገራት «አንድ ነገር አለ፣ ነይ» ብቻ ነው። ሴቶች እኛ መንደር ያኔ ዳር ቆመን እንሰማ ነበር እንጂ መሐል ገብተን አንናገርም። ያን ቀን ግን ለእሷም ለእኔም ድንጋይ ተሰጠን። እናቴ ድንጋዩን በእጇ ዳሰሰችና «ይቀዘቅዛል። ወንዶች ይህን ሁሉ ዓመት የደበቁን ይህንኑ ነው?» አለች። ሽማግሌዎቹ ጭምር ሳቁ።

ትልቁ ሽማግሌ ባረኩ። ከዚያ በትራቸውን ወደ ሊቀመንበሩ ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ እኔ አነሱት።

«ከትንሹ እንጀምራለን። ልጄ፣ ተነሺ።»

«እኔ? እሱ መጀመሪያ ይናገር ብያለሁ እኮ!»

«ስለ እሱ ብለሻል። ስለ ሙዙ ግን አላልሽም።»

ዓሣ አምጪዬ ነው የነገራቸው፤ በኋላ አወቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ ከሌላ ሰው ነው የምገዛው።

ተነሳሁ። ገበያ ውስጥ ያልኩትን፣ የትኞቹ ሴቶች ፊት እንዳልኩ፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ተናገርኩ። ቀላል ይመስለኝ ነበር፤ አልሆነም። ስጨርስ ሽማግሌው ሚስቱን «ሰማሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ» አለች። «ቆማ ስታየኝ አይቻታለሁ። ሙዙ ይቅር። ዞራ መሄዷ ነው ያቃጠለኝ።»

«ዞሬ ሄጃለሁ» አልኩ። «ያንንም አድርጌያለሁ።»

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ ከብዙ ክርክር ያላገኘሁት። እኔ የምፈልገው ነገር ለእሷም ይገባታል። የተበደለ ሰው እኔ ብቻ መስዬ ኖሬ ነበር።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። «በዚያን ጊዜ ከላይ በወረደው መመሪያ መሠረት፣ እያንዳንዱ ቀበሌ…» ብሎ ሲጀምር ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«መመሪያውን ተወው። እጅህን ንገረን።»

ኮቱን ፈታ። ሌላ ሰው መሰለ። «የእህቴ ልጅ ስም ዝርዝሩ ላይ ነበር» አለ። «እህቴ እግሬ ላይ ወደቀች። ስሙን ሰረዝኩት። ቁጥሩ ጎደለ። የገበያ ቀን ነበር። ያን ልጅ ከሸማ ተራው በታች አየሁት፤ አባት የለውም፣ የሚጮህለት የለም ብዬ አሰብኩ። ጥበቃውን ጠርቼ ያዘው አልኩት። እሱ ቀኝ እጁን ያዘ፤ እኔ ግራውን። በፈቃዱ አልሄደም። ላንቺ የነገርኩሽ ውሸት ነው፣ እናቴ። ጀግና ያልኩት እንዳትጮሂብኝ ነው።»

ሰው ሁሉ እናቴን አየ። እኔ ላያት አልቻልኩም። እሷ አገጯን በትሯ ላይ አስደገፈች።

«ሲያዝ ምን አለ?» አለች።

«ይጮህ ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ፤ ማንም ይጮሃል። ለእኔ ምን አለ?»

ሊቀመንበሩ ማስታወስ አላስፈለገውም። ሁልጊዜ ይዞት ሲዞር የነበረ ነገር ይመስላል። «ለእናቴ ንገሯት፣ ጊደሯን ታች ጅረቱ ዳር አስሬያታለሁ፣ ገመዱ አጭር ነው፣ ሄዳ ትፍታት አለ። እነግራታለሁ አልኩት። አልነገርኩሽም።»

እናቴ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መጀመሪያ ልታለቅስ መሰለኝ። «ጊደሯ!» አለች። «ጊደሯ እኮ ገመድ በጥሳ ማታ ብቻዋን መጣች! ማን ወስዶ አሰራት እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ሌባ አደረግሁ!» ብላ ወደ አንዲት አሮጊት ዞረች። «አንቺን ነው። ያኔ የሰደብኩሽ ለዚህ ነው።»

«እስከ ዛሬ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር እኮ!» አለች አሮጊቷ።

«አሁን እወቂዋ! አራት ወልዳለች፤ ከእንግዲህ አንዷ ጥጃ ያንቺ ናት።»

ዱቡሻው በሳቅ ተናወጠ። እናቴም ሳቀች፤ ከሳቁ መሐል ለቅሶው መጣ፤ ከዚያም ማቆም አልቻለችም። ወንድሜን ያሳሰበችው እናቱ ነበረች። በዚያ ሰዓት፣ እጁን ይዘውት፣ ያሰበው እናቱ ጊደሯን እንዳታጣ ነው። ሽማግሌዎቹ የወሰኑት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለቅሶው ይደረግ፤ ሊቀመንበሩ ለቅሶው ላይ እየተገኘ ለጠየቀው ሁሉ በራሱ አፍ ይናገር።

ይህ ፍርድ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል። ወንድሜ አልተመለሰም። ሊቀመንበሩ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን አልታሰረም። የሰሜኑ ተማሪ ቢሰማ አይበቃም ይለኝ ነበር፤ ምናልባት ለእሱ አይበቃ ይሆናል፤ ስለ እሱ ቤት እኔ መናገር አልችልም። የማውቀው ይህን ነው፤ ከዚያ በፊት ሰላም ይባል የነበረው ነገር እኔና እሱ በተለያየ በር መውጣታችን ነበር።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። ከቆላ ከደጋ ሰው መጣ። ቆጮ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር እየቀረበ፣ ሰው እየተፈራረቀ፣ እናቴ የመጀመሪያውን ቀን የስምንት ዓመቱን በአንድ ላይ አለቀሰች። በሁለተኛው ቀን ድምፅዋ ተዘጋ። ሚስቱ ውሃ ትቀዳ ነበር፤ እኔም እቀዳ ነበር፤ ወንዝ ወርደን ስንመለስ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራን፤ ሌላ አላወራንም። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ፣ ሊወጣ እንደተዘጋጀ ሰው ሆኖ ተቀምጦ ሳለ እናቴ ጠራችው።

«አንተ! ና እዚህ።»

ተነስቶ መጣ። አጠገቧ ያለውን መቀመጫ አሳየችው።

«ተቀመጥ። በመጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ምን ለብሶ ነበር?»

እኔ ከዘመዶቼ ጋር ወዲያ ጥግ ነበርኩ። ደሜ ፈላ። እዚያ ቦታ፣ አጠገቧ፣ እኔ የምቀመጥበት ነበር።

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ ይመልሳል። ጋቢ ነበር። ዳሩ ቀይ ነው? ቀይ ነው። ከሲታ ነበር? አይ፣ ደህና ነበር። በልቶ ነበር? ቆሎ በኪሱ ይዞ ነበር፤ ሲታገል ተበተነ። እናቴ አንድ በአንድ ትጠይቃለች፣ እሱ አንድ በአንድ ይመልሳል፤ የማያውቀውን አላውቅም ይላል፣ ለማስደሰት ብሎ አይጨምርም። ይህን ልብ አልኩ።

«ጫማስ?»

«ጫማ አልነበረውም፣ እናቴ።»

«ነበረው! አዲስ ነው፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። «እግሩ ባዶ ነበር» አለ፣ «ግን… አዎ። ብብቱ ስር ይዞት ነበር።»

«ጭቃ እንዳይነካው ነዋ!» አለች እናቴ፣ ወደ ለቀስተኛው ዞራ። «አላልኳችሁም? አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር፤ ጫማውን ተሸክሞ በባዶ እግሩ! እግሩ ይድናል፣ ጫማ ግን አይድንም ይለኝ ነበር!» ለቀስተኛው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ስሙን ጠርታ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ስሙን በሰው ፊት ጠርታ፣ ሌላ ጥያቄ ጀመረች።

መቀመጫዬን አንስቼ ወደ እነሱ ተጠጋሁ። ይቅር ብዬው አይደለም። ዝግ ብሎ ስለሚያወራ ከጥጉ አይሰማም ነበር።